የረጅም ጉዞ ሞተር የኋላ ጎማን ቤት ውስጥ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለጥምቀት ጎንደር ለመሄድ አስቦ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከፊቱ እያለ ጎማው ያለቀበት ነው። ሁለተኛው ሞተሩን ጎሚስታ ደጃፍ አቁሞ፣ ልጁ የአይሱዙ ጎማ የሚፈታበትን ብረት ይዞ ሲመጣ አይቶ ልቡ ክው ያለበት ነው። መልሱ ለሁለቱም አንድ ነው። የምናወራው ከ600 ሲሲ በላይ ስለሆኑ፣ ሻንጣ ስለሚጫንባቸው ሞተሮች ነው። ባለቤቱ ደግሞ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ለገሃር አካባቢ ጠባብ ግቢ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ነው እንበል።

ጎሚስታ እያለ ቤት ውስጥ ለምን እደክማለሁ?

መጀመሪያ ሥራው ሁለት መሆኑን እንለይ። አንዱ ቸርኬውን ከሞተሩ ላይ ማውረድና መመለስ ነው። ሌላው ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅና አዲሱን ማግባት ነው። የመጀመሪያው የቁልፍ ሥራ ነው፤ ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ሁለተኛው ላብ አለው።

እንደኔ እንደኔ የመጀመሪያውን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ። ጎሚስታው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ግን የሚኒባስና የጭነት መኪና ጎማ ነው። ወረፋ አለበት፣ ይቸኩላል። ፐርኖውን (በቸርኬው መሀል አልፎ የሚይዘውን ብረት) በመዶሻ ይመታዋል። የቱ ስፔሰር (ቸርኬው መሀል እንዲቆም ከጎኑ የምትገባ ቀለበት) በግራ፣ የቱ በቀኝ እንደነበረ ልብ አይለውም። ካቴናውን እንደ ክራር ክር ወጥሮ ይመልስላችኋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ከብዷችሁ ጎሚስታ ብትሄዱ እንኳ ቸርኬውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ራይድ ጠርታችሁ፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፋችሁ የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ መጫን ነው። ሞተሩ ቤት ይቅር። መሀል ከተማው ላይ ደግሞ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብዙ ነገር ቦታ ስለቀየረ፣ የድሮ ጎሚስታችሁ እዚያው መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጎማው ማለቁን በምን አውቃለሁ?

ጥርሱ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ቦታቸውን የሚጠቁም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ቲ.ደብሊው.አይ የሚል ጽሑፍ ጎኑ ላይ ታገኛላችሁ። ጥርሱ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ክርክር የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎኑን እያየ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ አስፋልት የሚሄድ ሞተር የኋላ ጎማው መሀሉ ቀድሞ ይበላል፣ ጎኑ ገና አዲስ ይመስላል። ክብ የነበረው ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ ሞተሩ ጥምዝ ላይ መጀመሪያ አልጋደም ይላል፣ ቀጥሎ ድንገት ዘፍ ይላል። የዓባይ በረሃን ወይም ጣርማበርን በዚህ ዓይነት ጎማ መውረድ ለጠላትም አይመኙትም። መሀሉን ለኩ።

ጎኑ ላይ እብጠት ወይም ጥልቅ ስንጥቅ ካለ የጥርሱን ነገር አታንሱት፣ ይቀየር። መሀሉ ላይ ሚስማር የወጋው የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ ይጠገናል። ጎኑ የተወጋ ግን አይጠገንም፤ እችላለሁ የሚል ቢመጣም እሺ አትበሉ።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

150/70 አር 17 69 ቪ የሚል ጎማ እንውሰድ። 150 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የቁመቱ መቶኛ ነው፤ ማለትም ቁመቱ የስፋቱ 70 በመቶ ነው። አር ራዲያል መሆኑን ይነግራል፤ የጎማው የውስጥ አሠራር ዓይነት ነው። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 69 የሚችለው ክብደት ነው፤ 325 ኪሎ ማለት ነው። ቪ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር።

እኛ አገር ላይ ቪዋ ብዙም አታስጨንቀንም። 69ኙ ግን ያስጨንቃል። ሰው፣ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛ፣ ሁለት የጎን ሻንጣ፣ ድንኳን፣ መጠባበቂያ ቤንዚን። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ በልኩ የሚገባ ነገር ግን የክብደት ቁጥሩ ከመመሪያው ያነሰ ጎማ ቢረክስም አትግዙ።

ሻጩ "የ15 ነው፣ አዲስ ነው" አለኝ። ልመነው?

ይህቺ ጥያቄ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ከሚመጡት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ ላይ 4 አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

4022 ካለ በፈረንጆቹ 2022 40ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል፤ በእኛ መስከረም 2015 መጨረሻ። 4015 ካለ ደግሞ የተሠራው በእኛ መስከረም 2008 ነው። ሻጩ "የ15" ሲላችሁ በአእምሯችሁ የሚመጣው የእኛ 2015 ነው። ሰውየው ላይዋሽ ይችላል፤ እሱም በእኛው አቆጣጠር አንብቦት ይሆናል። ልዩነቱ ግን 7 ዓመት ነው። መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ገላው ይደርቃል፤ ዝናብ ላይ አይዝም። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ቢያምርም ይጣል ይላሉ።

ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማውን ገልብጣችሁ እዩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ግፊያ ውስጥ ቆሞ ጎማ መገልበጥ አይመችም። ገልብጡት። የስልክ መብራት ይዛችሁ ሂዱ።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

የፐርኖው ዳዶ ልክ የሆነ ቁልፍ ከረጅም እጀታ ጋር። 3 የጎማ ማውጫ ብረት፣ ጫፋቸው የተድቦለቦለ፣ ርዝመታቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር። በ2 ብረት የሚሠራ አለ፣ ሦስተኛዋ ግን እጅ ታሳርፋለች። የቫልቮላ ውስጡን የምትፈታ ትንሽዬ ቁልፍ። አዲስ ቫልቮላ። ፈሳሽ ሳሙና፣ ላርጎም ሆነ ሌላ። ጓንት።

የቸርኬው አፍ አልሙኒየም ስለሆነ በብረት ይላጣል። ለዚህ የሚሸጥ የፕላስቲክ መከለያ አለ። ከሌለ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን ቆርጣችሁ አጥፋችሁ ብታስገቡበት ያው ነው። እውነቱን ለመናገር የጀሪካኑ ይሻላል፤ ቢቀደድ አያናድድም።

ጎማው እንዲንሸራተት ብሎ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት ወይም ናፍታ የሚቀባ አለ። አታድርጉት። ጎማውን ይበላዋል፤ ከዚያም አልፎ አይደርቅም፤ ጎማው ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይዞራል። የሳሙና ውኃ ያንሸራትትና ይደርቃል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የት ልሥራው?

ታች መኪና ማቆሚያው ላይ። ለጥበቃው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሻይም ጋብዙት፤ ዕቃ ስትረሱ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። ኮብልስቶን ላይ የመሀል መቆሚያው ይንገዳገዳል፣ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ማዳበሪያ አንጥፉ። የሚፈታውን ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ክተቱ፤ የሰፈር ልጆች ስፔሰሯን ከወደዷት አታገኟትም።

ሰዓት ምረጡ። አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ጎማም በብርድ ይደርቃል። አዲሱን ጎማ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት። እጃችሁን ስታሳርፉበት ሞቅ ካለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ክረምት ከሆነ ሳሎን አሳድሩት፤ የቤት ሰው ቢያጉረመርምም።

ቸርኬውን እንዴት አወርዳለሁ?

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ማርሚታው አጠገብ ነው የምትሠሩት። የፐርኖውን ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉት። በመሀል መቆሚያ ካቆማችሁ በኋላ በትልቅ እጀታ ብትታገሉት ሞተሩ ከመቆሚያው ሊወርድባችሁ ይችላል። የፊት ፍሬኑን በገመድ እሰሩት።

ከመንካታችሁ በፊት ከግራም ከቀኝም ፎቶ አንሱ። ከዚያ የካቴናውን ማስተካከያ አላሉ፣ ቸርኬውን ወደ ፊት ግፉ፣ ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ አውርዱ። የኤ.ቢ.ኤስ ሴንሰሩ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከታተለው) መንገድ ላይ ካለ ቀድሞ ይውጣ፤ ሽቦው በቀላሉ ይበጠሳል። አሁን ቸርኬውን በእግራችሁ ጫፍ ደገፍ አድርጉና ፐርኖውን ሳቡ። ክብደቱ ከፐርኖው ላይ ከተነሳለት በእጅ ይወጣል። ካልወጣ ደገፋችሁ ልክ አይደለም፤ መዶሻ ከማንሳት ቸርኬውን ጥቂት ከፍ ዝቅ አድርጉት።

የፍሬን ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ክፍል) በቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት፣ በሲባጎ እሰሩት። ዲስኩ ከወጣ በኋላ የኋላ ፍሬኑን ማንም አይርገጥ። ከተረገጠ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ዲስኩ አይገባም፣ ከሰዓት በኋላችሁ እዚያ ያልቃል።

ሞተሬ ካቴና የለውም፣ በካርዳን (በሚዞር ዘንግ) ነው የሚሄደው

እድለኛ ናችሁ። ቢ.ኤም.ደብሊው አር 1200 ጂ.ኤስን ብንወስድ የኋላ ቸርኬው እንደ መኪና በ5 ብሎን ነው የታሰረው። ፐርኖ የለም፣ ካቴና የለም፣ ስፔሰር የለም። 5ቱን ፈትቶ ወደ ጎን ማውጣት ነው። ሲመለስ ብሎኖቹ እያፈራረቁ፣ ተቃራኒ ተቃራኒው ይጠብቃሉ፤ የጥብቀቱ ልክ 60 ኒውተን ሜትር ነው። ብሎኖቹም ቀዳዳዎቹም ንጹሕ ይሁኑ፣ ዘይት አትቀቡ።

ጎማው ከቸርኬው አልላቀቅ አለ!

ሁሉም የሚሸነፈው እዚህ ነው። የጎማው ጠርዝ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው፣ አይለጠጥም። የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ቸርኬው ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ተሻግሮ ነው የተቀመጠው። ዓመት ሙሉ ተጣብቆ ከርሟል። አየሩን አውጥታችሁ በእግር ብትረግጡት አይሰማችሁም።

መጀመሪያ የቫልቮላውን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ፍቱ፤ አየር የቀረበት ጎማ አይላቀቅም። ቸርኬውን መሬት ላይ አታስተኙት፤ ዲስኩ ይጣመማል። በጣውላ ወይም በአሮጌ ጎማ ላይ አስተኙት። ጠርዙና ቸርኬው የሚገናኙበት ላይ የሳሙና ውኃ አፍስሱ፣ ትንሽ ጠብቁ።

ከዚያ መግፊያ ያስፈልጋል። ሰፈራችሁ ብረት በያጅ ካለ ሞርሳው ትልቅ ከሆነ ይሠራል፤ ጎማውን ብቻ ይጨምቃል፣ ቸርኬውን አይነካም። ሌላው መንገድ የጓደኛ ሞተር ነው። ጎማውን ከጓደኛችሁ ሞተር ጎን መቆሚያ ሥር አድርጉ። መቆሚያው የጎማው ጎን ላይ፣ ከቸርኬው አፍ ጣት በምታህል ርቀት ይረፍ። አሁን ሞተሩን በቀስታ ወደ መቆሚያው አጋድሉት። 200 ኪሎ የሚመዝን ነገር ሲጫነው ጠርዙ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ይወርዳል። አንዱ ሞተሩን ይያዝ፣ ሌላው ጎማውን ያዙር። ብቻችሁን አትሞክሩት። በሁለቱም ጎን ዙሪያውን እስኪወርድ ድረስ ይደገም።

ቸርኬያችሁ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ካለው ቫልቮላው ሥር ተቀምጧል። እዚያ አካባቢ አትጫኑ፣ ብረትም አታስገቡ። ከሱ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ብረቱን አስገብቼ ብጎትት ብጎትት አይንቀሳቀስም

ጉልበት አንሷችሁ አይደለም። ቸርኬውን ከጎን ስታዩት መሀሉ ጎድጓዳ ነው፣ ከአፉ ያነሰ ዙሪያ አለው። ያ ጎድጓዳ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ጠርዙ አይለጠጥም ብለናል። ታዲያ ከእሱ የሚበልጠውን የቸርኬ አፍ እንዴት ይሻገራል? በአንድ በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ በሌላው በኩል ትርፍ ያገኛል። በዚያ ትርፍ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ብረቱን እዚህ ጋ ካስገባችሁ፣ በትክክል ከፊት ለፊቱ ያለውን ጠርዝ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ጎድጓዳው ውስጥ ክተቱት። እዚያው ያዙት። ከዚያ ብረቱን ሳቡ። በአንዴ ብዙ አትቁረሱ፤ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ። ብረቱ እንደ ቆመ ድንጋይ ከሆነ ቁሙና ከፊት ለፊት ያለውን ተመልከቱ፣ ጠርዙ ከጎድጓዳው ወጥቶ ይሆናል። ሁልጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ቱቦ ቀጥሎ እጀታ የሚያስረዝም ሰው ወይ ጠርዙን ይበጥሳል ወይ ቸርኬውን ይሰነጥቃል።

የመጀመሪያው ጠርዝ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ቀላል ነው። ሲያልቅ ቸርኬውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ዝገትና የደረቀ ጎማ በብሩሽ ይነሳ። አሮጌውን ቫልቮላ ቁረጡና አዲሱን አግቡ። ኩሽኔታውንም በጣታችሁ አዙሩት፤ የሚያንቋርር ወይም የሚይዝ ከሆነ ይህ የመቀየሪያው ጊዜ ነው።

አዲሱ ጎማ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ጎኑ ላይ ቀስት አለ፤ ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ እዩት። ገልብጦ ገጥሞ የጨረሰ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ስሜት በቃል ማስረዳት ይከብዳል። ጎኑ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቫልቮላው ጋ ይሁን፤ የጎማው ቀላሉ ቦታ እዚያ ነው።

ሲገባም ሕጉ ያው ነው። በሳሙና በደንብ አርጥቡ፣ ከቫልቮላው ፊት ለፊት ጀምሩ፣ ቫልቮላው ጋ ጨርሱ፣ የገባው ጠርዝ ጎድጓዳው ውስጥ ይሁን። የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ሁልጊዜ ታስቸግራለች።

ቸርኬዬ ባለ ሽቦ ነው፤ የውስጥ ጎማ አለው

ባለ ሽቦ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ካላማዳሪ አለው፣ አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ግን የላቸውም፤ መመሪያውን እዩ። ካለው ዋናው አደጋ የውስጥ ጎማውን በብረት መቆንጠጥ ነው። ትንሽ አየር ሰጥታችሁ ቅርጽ አስይዙት፣ ታልክ ዱቄት አልብሱት፣ ብረቱን አጭር አጭር አስገቡ። ቫልቮላው ላይ ያለችውን ዳዶ እስከ ቸርኬው ድረስ አታጥብቋት። የውስጥ ጎማው ቢንሸራተት ቫልቮላው ያጋድላል፣ በዓይን ታዩታላችሁ። ከጠበቀች ግን ሳታዩት ይቀደዳል።

ገጠምኩት፣ ግን አየር አይዝም

በእግር ፓምፕና ከባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አዲስ ጎማ ማስያዝ ብዙ ጊዜ አይሳካም። አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚገባ በጠርዙ በኩል ያመልጣል። የቫልቮላውን ውስጥ አውጥታችሁ ሞክሩ፣ አየሩ ሰፍቶ ይገባል። የጎማውን ጀርባ መሀል ለመሀል በገመድ ዙራችሁ፣ ዱላ አስገብታችሁ አጥብቁት፤ ጠርዞቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። አሁንም ካልሆነ ጎሚስታ ሂዱ። ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ መብራት ካለ።

ሲይዝ ሁለት ጊዜ ጧ ይላል፣ ለእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ። ያስደነግጣል፣ ግን ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ድምፁ እስኪመጣ አየር መጨመር ነው። አንዳንድ አምራቾች ከ40 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አትለፉ ይላሉ፣ ሌሎች እስከ 60 አካባቢ ይፈቅዳሉ። የራሳችሁን ጎማ ጣሪያ እወቁ። ጣሪያው ላይ ደርሶ ካልያዘ አየሩን አውጡ፣ እንደገና በሳሙና አርጥቡ፣ ድገሙ። ጣታችሁን ጠርዙ ጋ አታቅርቡ። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት የማስያዝ ነገር በቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ፣ እርሱት።

መያዙን በዓይን አረጋግጡ። ከቸርኬው አፍ አጠገብ ጎማው ላይ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ከቸርኬው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ጠርዙ እዚያ አልወጣም።

ባላንስ ግድ ነው?

ለኋላ ጎማ ከፊቱ ይልቅ ይቅር ይላል፤ ቢሆንም አድርጉት። ፐርኖውን በቸርኬው ውስጥ አሳልፉ፣ በሁለት ወንበር መካከል አስቀምጡት፣ ዝም ብሎ ይዙር። ከባዱ ቦታ ራሱ ወደ ታች ይመጣል። በተቃራኒው የሚለጠፍ የእርሳስ ክብደት ጨምሩ። ጎሚስታ ቤት ያለው ባለ 5 ግራሙ የመኪና ተለጣፊ ይሆናል። በየትኛውም በኩል አቁማችሁት ባለበት ሲቆም አበቃ።

ስመልሰው ምን ልጠንቀቅ?

ፎቶውን እያያችሁ ስፔሰሮቹን መልሱ። ፐርኖውን ጥረጉና ስስ ግራሶ ቀቡት። የካሊፐሩ ማቀፊያ፣ ቸርኬውን በሚይዘው የኋላ ክንድ ላይ ባለችው ጉጥ ላይ መግባቱን እዩ። በግራና በቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ ቸርኬው ያጋድላል፣ ካቴናውም ጥርሱን ይበላዋል። የካቴናው ልቅነት ልክ ብዙ ጊዜ የኋላው ክንድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። ቸርኬውን እያዞራችሁ ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ።

የዳዶው ጥብቀት ከመመሪያው ይወሰድ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሞተሮች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናቸው። ቶርክ ሬንች (ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) ከሌላችሁና ልኩ 100 ከሆነ፣ ቁልፉን በጋደመ ግማሽ ሜትር እጀታ ያዙ፣ ጫፉ ላይ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥሉ። ጀሪካኑ ከነውኃው የሚሰጠው ኃይል ወደዚያው ነው። ከሚኒባስ ጎሚስታ "ጠብቋል" ይሻላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የኋላ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ይሆናሉ። ይህን የረሳ ሰው ፍሬን አለመኖሩን የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ስንት አየር ልሙላ? አዋሽ ስወርድስ?

የሞተሩ መመሪያ ያለው ነው ልኩ። የቀደሙት የአር 1200 ጂ.ኤስ ሞዴሎች መመሪያ ለምሳሌ ከኋላ ለብቻ 2.5 ባር፣ በሙሉ ጭነት 2.9 ይላል፤ በፒ.ኤስ.አይ 36 እና 42 ገደማ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ጣሪያው እንጂ የሚሞላው አይደለም።

ከፍታው የሚያሳስባቸው አሉ፤ ደግሞም ልክ ናቸው። መለኪያው የሚያሳየው የጎማውን ውስጥ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች የውጭው አየር ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ቀንሷል። አዋሽ 7 ኪሎ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። እዚያ ስትደርሱ የውጩ አየር ይበረታል፤ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ዝቅ ይላል። ግን ቆላው ሞቃት ነው። በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ 1 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይጨምራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሰዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በልኩ ሙሉ። ቆላ ካደራችሁ በማግስቱ ጠዋት አንዴ እዩት። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ እያለ "በዛ" ብላችሁ አየር አታውጡ።

ወዲያው እንደ ልቤ ልንዳው?

አይ። አዲስ ጎማ ገላው ለስላሳ ነው፣ የሳሙናውም ቅሪት አለ። የመጀመሪያዎቹን ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በድንገት ፍሬን አትያዙ፣ በድንገት ቤንዚን አትስጡ፣ ጥምዝ ላይ ጥቂት በጥቂት ብቻ አጋድሉ። እንጦጦን ለመውጣት የቸኮለ ይታገስ። ዝናብ ከሆነ የዜብራውን ነጭ ቀለም ሽሹ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የዳዶውን ጥብቀት፣ የካቴናውን ልቅነትና የአየሩን መጠን እንደገና እዩ። አየሩ በአንድ ሌሊት ከወረደ የሳሙና ውኃ ዙሪያውንና ቫልቮላው ላይ አፍስሱ፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ጥፋቱ እሱ ነው።

አሮጌውን ጎማ ምን ላድርገው?

ቆራሌው ሲያልፍ ስጡት፣ ወይም ምናለሽ ተራ የሚፈልገው አይጠፋም። እኔ ብሆን ግን አንዱን አስቀረዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቸርኬውን የማስተኛው እሱ ላይ ነው፣ ዲስኩ መሬት አይነካም።